138 ወንበሮች
(ስለ ምርጫ ሥርዓት፣ በኮልፌ 18 ማዞሪያ ለነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ዛሬ ማንን እንድትመርጡ ልነግራችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት መራጩ ድምፁን ኮሮጆ ውስጥ ከከተተ በኋላ ስለሚሠራው ሒሳብ ልናገር ነው። ሰው ስለ ዕጩዎች ብዙ ያወራል፤ ስለ ታዛቢ፣ ስለ ቆጠራ፣ ስለ ኮሮጆው ደኅንነት ይከራከራል። ድምፁ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ በምን ደንብ ወደ ወንበር እንደሚለወጥ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ደንብ የምርጫ ሥርዓት ይባላል። አንድ ዓይነት ሕዝብ አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጥቶ፣ ደንቡ ስለተለየ ብቻ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ምክር ቤቶች ሊወጡለት ይችላሉ።

የሩቅ ምሳሌ ከማምጣቴ በፊት ከራሳችን ከተማ ልጀምር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያሏትን 23 ወንበሮች ቅንጅት የተባለው የተቃዋሚዎች ኅብረት በሙሉ ወሰደ። ለከተማው ምክር ቤት ለውድድር ከቀረቡት 138 ወንበሮችም 137ቱ የቅንጅት ሆኑ። ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. በዚችው ከተማ ከ23ቱ የተወካዮች ወንበሮች 22ቱን ገዥው ኢሕአዴግ አሸነፈ፤ አንዱን የተቃዋሚው የመድረክ ዕጩ አቶ ግርማ ሰይፉ አገኙ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ደግሞ 138ቱም የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች ወደ ብልጽግና ፓርቲ ሄዱ።

በ1997 እና በ2002 መካከል የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ በቤታችሁ ደርሶባችኋል። ሰው ሞቷል፣ መሪዎች ታስረዋል፣ ከተማዋ የመረጠችው ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር በባለ አደራ አስተዳደር ቆይታለች። ስለዚህ የውጤቱን መገልበጥ በሙሉ የምርጫ ሥርዓት አመጣው ብዬ አላሳስታችሁም። በሦስቱም ምርጫዎች ያልተለወጠ አንድ ነገር ግን አለ። በ1997 በዚህ አካባቢ ኢሕአዴግን የመረጡ ሰዎች ነበሩ፤ በከተማው ምክር ቤት ውጤት ላይ ግን ከ138 አንድ ሆነው ታዩ። በ2013ም ተቃዋሚዎችን የመረጡ የኮልፌ ሰዎች ነበሩ፤ በምክር ቤቱ ውስጥ አንድም ሆነው አልታዩም። አሸናፊዎቹ ተፈራረቁ፤ አናሳ ድምፅ የሰጠው ሰው ግን ሁልጊዜ ከደጅ ቀረ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ያሸነፈው ፓርቲ ማንም ቢሆን ያሳስበኛል።

ደንቡ እንዲህ ይሠራል። አገሪቱ በምርጫ ክልሎች ትከፈላለች፤ በእያንዳንዱ ክልል ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ያሸንፋል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ከ100 መራጭ አንዱ 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 ቢያገኝ ባለ 40ው ይገባል፤ የ60ው ሰው ድምፅ እዚያው ይቀራል። የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የምንለው ይህ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 2 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የደነገገው ይህንኑ ነው። እዚያው አንቀጽ ላይ የአባላቱ ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከእነዚህም ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እንዲሆን ተወስኗል።

አገራችን ሁልጊዜ በዚህ ደንብ አልመረጠችም። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሕገ መንግሥት አገሩ 200,000 ያህል ሕዝብ በያዙ የምርጫ ክልሎች ተከፍሎ እያንዳንዱ ክልል ሁለት ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበር፤ ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማም የራሱ እንደራሴ ነበረው። ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን የመረጠው በዚህ ሕገ መንግሥት ነው። ፓርቲ አልነበረም፤ ንብረት የሌለው ሰውም ዕጩ መሆን አይችልም ነበር። ያንን ዘመን እየናፈቅሁ አይደለም። አንድ ክልል ከአንድ በላይ ተወካይ መላኩ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር እንዳልሆነ እንድታስታውሱልኝ ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

የአብላጫ ድምፅ የሚወደድበት ምክንያት አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ ፍርዴ ይዛባል። ቀላል ነው፤ ማንበብ የማይችል አባወራም ሆነ እማወራ ማን እንዳሸነፈ ወዲያው ይገባቸዋል። ተወካዩ የአንድ ሰፈር ሰው ስለሚሆን ውኃ ሲጠፋ፣ መንገድ ሲበላሽ የሚጠየቅ ስም አለ። ብዙ ጊዜ አንድ ፓርቲ ብቻውን መንግሥት ይመሠርታል። በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የሚኖር ሕዝብም በዚህ ደንብ አይጎዳም። በ2013 የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ከአንድ ዞን ተነሥቶ ሁለት የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር አግኝቷል። በብዙ የአገሩ ክፍሎች ዕጩ ያቀረበው ኢዜማ የተባለው ፓርቲ ያገኘው አራት፣ አብን የተባለው ፓርቲ አምስት ነው፤ ብልጽግና 410። እነዚህን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። ደንቡ የሚክሰው ድምፁ በአንድ ቦታ የተከማቸለትን ነው፤ በየከተማውና በየገጠሩ ጥቂት ጥቂት ደጋፊ ያለውን ግን ይቀጣል። አገር አቀፍ ፓርቲ በኢትዮጵያ ለምን አይጠነክርም ብለን ስንጠይቅ የታሪኩን ምክንያት ብቻ እናነሣለን፤ የሒሳቡንም ማንሣት ይገባናል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ሌበር ፓርቲ 33.7 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ650 ወንበሮች 411ዱን ያዘ። ሪፎርም የተባለው ፓርቲ 14.3 በመቶ አግኝቶ 5 ወንበር ብቻ ደረሰው፤ ሊበራል ዴሞክራቶች ግን በ12.2 በመቶ 72 ወንበር አገኙ። ያነሰ ድምፅ ያለው ከዐሥር እጥፍ በላይ ወንበር ወሰደ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ድምፁ የት የት እንደተከማቸ ነው። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2014 የጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ፓርቲ በ31 በመቶ ድምፅ ከ543 ወንበሮች 282ቱን አገኘ።

ከሁሉም በላይ እንድታውቋት የምፈልጋት አገር ግን ትንሿ ሌሶቶ ናት። በደቡብ አፍሪካ መካከል ያለች ተራራማ መንግሥት ናት፤ ደንቡንም ከብሪታንያ ባህል የተቀበለች ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 በተደረገው ምርጫ አንድ ፓርቲ 60 በመቶ ያህል ድምፅ አገኘ፤ ከ80 ወንበሮች ግን 79ኙን ወሰደ። ከ10 መራጭ አራቱ ለሌሎች ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ በምክር ቤቱ ያገኙት አንድ ሰው ብቻ ነው። የተሸነፉት ምርጫው ተሰርቋል ብለው የንጉሡን ቤተ መንግሥት ከበቡ፤ ሠራዊቱ ተከፋፈለ፤ በመስከረም ወር የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ወታደሮች ገቡ፤ የዋና ከተማዋ የማሴሩ የንግድ ማእከል ተዘረፈ፣ ተቃጠለ።

ሌሶቶዎች ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ? ተቀምጠው ተነጋገሩ። ማን ሰረቀ በሚለው ክርክር ላይ ብቻ አልቆሙም፤ ደንቡን ራሱን አነሡ። ሰማንያዎቹን የምርጫ ክልሎች እንዳሉ ተዉአቸው፤ 40 የማካካሻ ወንበሮች ጨመሩበት። እነዚህ ወንበሮች የሚሰጡት ከድምፃቸው ያነሰ ወንበር ላገኙ ፓርቲዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲሱ ደንብ ሲመረጥ ገዥው ፓርቲ 77 ክልሎችን በድጋሚ አሸነፈ፤ ድምፁ 55 በመቶ ገደማ ነበር። አርባዎቹ የማካካሻ ወንበሮች ግን ለሌሎች ሄዱ፤ ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ብቻውን 21 አገኘ። ገዥው ፓርቲ መንግሥት መሠረተ፤ ተቃዋሚውም ምክር ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ማሴሩም አልተቃጠለችም።

ታሪኩ በዚህ አያልቅም። በ2007 እ.ኤ.አ. ትልልቆቹ ፓርቲዎች ዘዴ አገኙ፤ ደጋፊዎቻቸው በክልሉ ወረቀት ለእነርሱ፣ የማካካሻው ወንበር በሚሰላበት በፓርቲ ዝርዝሩ ወረቀት ደግሞ ለወዳጅ ፓርቲ እንዲመርጡ አደረጉ። የማካካሻው ወንበር በዚህ መንገድ ተመልሶ ወደ እነርሱ ሰፈር ገባ። ሌሶቶዎች ይህንንም ቀዳዳ ሁለቱን ወረቀት አንድ በማድረግ ደፈኑት። ይህን የምነግራችሁ አዲስ ደንብ ስናወጣ ብልጣብልጥ ምን ያደርግበታል ብለን አስቀድመን እንድናስብ ነው።

ኒው ዚላንድ ያለ ጥይት ወደዚያው ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ1978 እና በ1981 ያነሰ ድምፅ ያገኘው ፓርቲ ብዙ ወንበር ይዞ መንግሥት ሆነ። በ1981 ደግሞ ከመራጩ 20 በመቶ በላይ ያገኘ ሦስተኛ ፓርቲ ከ92 ወንበሮች ሁለት ብቻ ደረሰው። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1993 በሕዝበ ውሳኔ ደንቡ ተለወጠ፤ ከ1996 ጀምሮ በአዲሱ ይመርጣሉ። በ2011 ወደ ድሮው ደንብ ትመለሳላችሁ ወይ ተብለው ሲጠየቁ አንመለስም አሉ። አንድ ሰው ሁለት ምልክት ያደርጋል፦ አንዱን ለአካባቢው ተወካይ፣ አንዱን ለፓርቲ። ጀርመንም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመረጠችው የዚህን ዓይነት ነው።

ወደ ሌላው ጫፍ ልውሰዳችሁ፤ ሙሉ ተመጣጣኝ ውክልና ወዳለበት። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለፓርቲ ዝርዝር ትመርጣለች። በ2024 ገዥው ፓርቲ ኤ.ኤን.ሲ. 40.18 በመቶ አገኘ፤ ከ400 ወንበሮችም 159 ደረሰው፤ ድምፁና ወንበሩ ተመጣጠኑ። ብቻውን መግዛት ስላልቻለም ከትናንት ተቃዋሚዎቹ ጋር መንግሥት መሠረተ። ጉድለትም አለው፤ ተወካዩ ለሰፈር ሳይሆን ዝርዝሩን ለሚጽፈው የፓርቲ መሪ ይታዘዛል። ለረጅም ጊዜ የግል ዕጩ መወዳደር አይችልም ነበር፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው በ2020 ይህ መብትን ይጥሳል ብሎ እስኪወስን ድረስ።

እስራኤል መላ አገሯን እንደ አንድ የምርጫ ክልል ቆጥራ 120 ወንበሮችን ትሞላለች። ብዙዎቻችሁ ዘመድ አላችሁ እዚያ። ከኢትዮጵያ የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን በየከተማው ተበትነው ስለሚኖሩ የአብላጫ ድምፅ ደንብ ቢሆን ኖሮ በብዛታቸው አንድ ክልል ማሸነፍ ይከብዳቸው ነበር። በዝርዝር ደንብ ግን ከእነርሱ አንዱ አዲሱ መሰለ በ1996 እ.ኤ.አ. በእስራኤሉ ሌበር ፓርቲ ዝርዝር ምክር ቤት ገቡ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ተከተሉ። የተበተነ ሕዝብ መታየት የሚችለው እንዲህ ነው። በሌላ በኩል ያው እስራኤል ከ2019 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. አምስት ጊዜ ምርጫ አካሂዳለች፤ ብዙ ትናንሽ ፓርቲዎች ተስማምተው መንግሥት ማቆም አቅቷቸው። ስለዚህ አገሮች ዝቅተኛ የድምፅ መጠን ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ በታች ያገኘ ፓርቲ ወንበር የለውም። በእስራኤል 3.25 በመቶ፣ በጀርመን 5 በመቶ ነው። ቱርክ 10 በመቶ አድርጋው ነበር፤ በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ ፓርቲ በ34 በመቶ ድምፅ ከ550 ወንበሮች 363ቱን ያዘ፤ ከመራጩ ግማሽ ሊሞላ የቀረበው ድምፅ ሜዳ ላይ ቀረ። ተመጣጣኝ የሚለው ስም ብቻ ምንም ዋስትና አይሰጥም ማለት ነው፤ ቁጥሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የፈረንሳይን ሁለት ዙር ምርጫና አውስትራሊያውያን ዕጩዎችን በተርታ ቁጥር የሚያስቀምጡበትን ደንብ ጊዜ ስለማይበቃ እዘላቸዋለሁ። ሁለቱም አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድጋፍ እንዲኖረው ይረዳሉ፤ የተሸናፊውን ወገን ምክር ቤት ማስገባት ግን ዋና ሥራቸው አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ወሰዱ። ዓመት ሳይሞላ አገሩ በተቃውሞ ተናወጠ። መናገሪያ ወንበር ያጣ ሰው መናገሪያ መንገድ ፈለገ። መንግሥትም ይህን ተረድቶ ይመስለኛል፣ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ሁለቱን ምክር ቤቶች ሲከፍቱ የምርጫ ሕጉ ተሻሽሎ ልዩ ልዩ ድምፆች የሚሰሙበት እንደሚሆን ተናገሩ። ፓርቲዎች ለወራት ተደራደሩ፤ ቅይጥ ትይዩ በተባለ ሥርዓት ላይም ተስማሙ፦ 80 በመቶው ወንበር በአብላጫ፣ 20 በመቶው በተመጣጣኝ። ከዚያ የ2010 ዓ.ም. የመንግሥት አመራር ለውጥ መጣ፤ ስምምነቱም ተረሳ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 የቀድሞውን የአብላጫ ደንብ ይዞ ቀጠለ።

ያ ስምምነት ተግባራዊ ቢሆን ምን ያህል ይጠቅመን ነበር? እናስላው። 100 ወንበር ያለው ምክር ቤት እናስብ። አንድ ፓርቲ በየቦታው 60 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ሰማንያዎቹን ክልሎች በሙሉ ያሸንፋል እንበል። ትይዩ ማለት ሁለቱ ክፍሎች ሳይገናኙ ለየብቻ ይቆጠራሉ ማለት ነው። ስለዚህ ከ20ዎቹም ድርሻው 12 ይሆናል። ድምሩ 92 ለአንዱ፣ 8 ለቀሩት ሁሉ። ከ100 ሰው 40ው በ8 ወንበር ይወከላል። እንደ ሌሶቶና እንደ ኒው ዚላንድ የሚያካክስ ቢሆን ግን 20ዎቹም ለሌሎቹ ይሄዳሉ፤ 80 ለ20 ይሆናል። የማካካሻው ድርሻ 40 ቢሆን ደግሞ በትክክል 60 ለ40 ይደርሳል። ትይዩ እና አካካሽ የሚሉት ሁለት ቃላት በድርድር ወረቀት ላይ ሲታዩ ጎረቤት ይመስላሉ፤ በምክር ቤቱ ወለል ላይ ግን የ12 ወንበር ልዩነት አላቸው። ወደፊት ማንም ቅይጥ እናድርግ ብሎ ቢመጣ፣ ያካክሳል ወይስ ጎን ለጎን ይቆጠራል ብላችሁ ጠይቁት።

ለተወካዮች ምክር ቤት ደንቡን ለመለወጥ ሕገ መንግሥት መሻሻል አለበት። ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በየራሳቸው የድምፅ ብልጫ ማጽደቅ ይኖርባቸዋል። ከባድ ነው፤ ከባድ መሆኑም ተገቢ ነው። ነገር ግን አንቀጽ 54 የሚናገረው ስለ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስለ አዲስ አበባ የሚናገረው አንቀጽ 49 ነው፤ እርሱም ነዋሪው ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዲኖረው ደንግጎ ዝርዝሩን ለሕግ ይተዋል። እንደ እኔ ንባብ የከተማችንን 138 ወንበሮች የአሞላል ደንብ ለመለወጥ ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልግም፤ አዋጅ ይበቃል።

እንዴት ይሁን ለምትሉ፣ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። 138ን በከተማችን 23 የተወካዮች ምርጫ ክልሎች ብናካፍል ለእያንዳንዱ 6 ይደርሳል። በእያንዳንዱ ክልል ስድስቱን ወንበር በክልሉ ድምፅ መጠን እንከፋፍል። በዚህ ስሌት በክልሉ ከሰባት አንድ እጅ በላይ ድምፅ ያገኘ ወገን ቢያንስ አንድ ሰው ማስገባቱ እርግጥ ነው፤ 60 በመቶ ያገኘ ደግሞ አራት ሊያገኝ ይችላል። የግል ዕጩም አይገፋም፤ ብቻውን እንደ ዝርዝር ተቆጥሮ ድርሻውን ይወዳደራል። ተወካዮቹ የዚሁ አካባቢ ሰዎች ስለሚሆኑ ከሰፈር አይርቁም። መራጩም አዲስ ወረቀት አይማርም፤ አሁንም በከተማችን የተወካዮች አንድ፣ የከተማ ምክር ቤት አንድ ተብሎ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል።

በዕድራችሁ ኮሚቴ ስትመርጡ እኮ ይህን ታውቁበታላችሁ። ከላይኛው መንደርም ከታችኛውም፣ ከሴቶችም፣ ከነባሩም ከአዲስ ገቡም ሰው እንዲኖር ትጠነቀቃላችሁ፤ ሰብሳቢው ብዙ ድምፅ ስላገኘ ጸሐፊውንም ገንዘብ ያዡንም ከአንድ ግቢ አታወጡም። ሒሳቡን የሚመረምር ሌላ ዓይን ከሌለ ዕድሩ እንደማይጸና ታውቃላችሁ። በቢሊዮን የሚቆጠር በጀት የሚያጸድቅ ምክር ቤት ቢያንስ ይህን ያህል ጥንቃቄ ይገባዋል።

የሚነሣብኝን ተቃውሞ አውቃለሁ። ደንቡ ከተለወጠ የብሔር ፓርቲ ይበዛል፣ መንግሥት ይዳከማል ይላሉ። ለመጀመሪያው፣ ዛሬ ያለው ደንብ የብሔር ፓርቲን አላጠፋም፤ ድምፁ የተከማቸለትን እንደሚክስ አይተናል። በሁለተኛው ግን እውነት አለ፤ ስለዚህ ለአገሪቱ ምክር ቤት ሙሉውን የእስራኤል ዓይነት አልመክርም፤ የአካባቢ ተወካዩን ጠብቆ የሚያካክስ ቅይጥ እመርጣለሁ። ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ሦስተኛ ተቃውሞም አለ። አዳራሽ ለተከለከለ፣ ዕጩው ለታሰረበት፣ በሬዲዮ ለማይሰማ ወገን የትኛውም ስሌት አይደርስለትም። ይህን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ደንቡን መለወጥና ነጻነትን ማስከበር እኩል የሚጠየቁ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ እስኪሟላ ሌላው ይቆይ የሚል ክርክር ግን ሁለቱንም ሲያዘገይ አይቻለሁ።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ቆጠራ ሲያልቅ ውጤቱ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ያሸነፈውን ስም ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ወጣቶች የእያንዳንዱን ጣቢያ ቁጥር ገልብጡ፤ የክልላችንን ድምር አውጡ፤ ስድስት ወንበር ቢኖረን በድምፃችን መጠን ለማን ስንት ይደርስ እንደነበር ራሳችሁ አስሉ። ክፍፍሉ ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን ወገን ድምፅ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እስከ 6 እያካፈላችሁ ከሁሉም ውስጥ ስድስቱን ትልልቅ ቁጥሮች መምረጥ ነው። ሰሌዳው እዚህ አለ፤ ጠመኔም አለ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከሌለም አንድ ሰው ይምጣና አብረን እንሞክረው።